ጅማ ውስጥ ላፕቶፓችሁን «ፎርማት» ልታስደርጉ ካሰባችሁ መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ዊንዶውስና ኡቡንቱ (ሊኑክስ ከሚባሉት ሲስተሞች አንዱ፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ) አንድ ላይ የተጫነበት ላፕቶፕ ካላችሁ «ዊንዶውሱን ብቻ ቀይሩልኝ» ብላችሁ ጥገና ቤት ጥላችሁት አትሂዱ። እኔ ጥዬው ሄጄ የስምንት ወር ሥራዬ ጠፋብኝ። አብዛኛውን በመከራ መልሻለሁ፣ ሁሉንም ግን አልቻልኩም።

ዊንዶውስ 10 ላይ የቢሮ ሥራዬን፣ ኡቡንቱው ላይ ደግሞ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴን ነበር የምሠራው። ጎማና ማና ወረዳ ቡና አምራች ገበሬዎችን ቤት ለቤት እየዞርኩ የሞላሁት የ312 አባወራ መጠይቅ ያለው እዚያ ነበር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ ወደ 11 ላስቀይር ብዬ ሄርማታ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ቤት ወሰድኩት። ጉዳዩ ገና ስላላለቀ የቤቱን ስም አልጽፍም።

«እህቴ፣ አታስቢ። 2,500 ብር፣ ኦሪጅናል ዊንዶውስ 11 ከነፈቃዱ፣ አሥር ሰዓት ላይ ነይና ውሰጂ» አለኝ ልጁ። ኡቡንቱ እንዳለበትና እንዳይነካው ሁለቴ ነገርኩት። «እናውቃለን» አለ። ዲስኩ ላይ ምን እንዳለ፣ ኡቡንቱው የትኛው ክፍል ላይ እንደተቀመጠ፣ ግልባጭ እንዳለኝና እንደሌለኝ አንድም አልጠየቀኝም። ያኔውኑ ላፕቶፔን አንስቼ መውጣት ነበረብኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ስከፍተው የሲስተም መምረጫው ሳይመጣ በቀጥታ ዊንዶውስ 11 ገባ። መጀመሪያ አልደነገጥኩም፣ እናንተም ይህን ብቻ ካያችሁ አትደንግጡ። ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን የማስነሻውን ቅድሚያ ለራሱ ይወስዳል፣ ግራብ የሚባለው መምረጫም ከፊት ይጠፋል። ኡቡንቱው ግን ያለበት አለ። በኡቡንቱ ፍላሽ አስነስቶ ግራብን መመለስ ለሚያውቅ ሰው የአጭር ጊዜ ሥራ ነው፣ አንድ ፋይል አይጠፋም። ልጁንም ይህንኑ አልኩት። ከዚያ የዲስኩን አከፋፈል አብረን ስንከፍተው ባለ 500 ጊጋባይቱ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሲ ድራይቭ ብቻ ሆኗል። ኡቡንቱው የለም።

«ባዶ መስሎኝ ነው» አለኝ። ይህን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ምክንያቱም የችግሩ ሥር እዚህ ጋ ነው። ኡቡንቱ ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበትን ኢኤክስቲ4 የሚባል የፋይል አቀማመጥ ዊንዶውስ በራሱ አያነብም። ስለዚህ ዊንዶውስ ሲጫን በሚመጣው ዝርዝር ላይ የኡቡንቱ ክፍል ቁጥርና መጠን ብቻ ይዞ ይታያል፣ እንደ ሲ ወይም እንደ ዲ መጠሪያ ፊደል የለውም። ሊኑክስ ነክቶ የማያውቅ ሰው ትርፍ ቦታ ይመስለውና ያጠፋዋል። ልጁ ተንኮል አስቦ አይመስለኝም። የማያውቀውን ሥራ «እናውቃለን» ብሎ መቀበሉ ግን የእኔን ስምንት ወር አስከፍሏል።

ባለቤቱ ሲመጣ ባሰ። «ፎርማት ሲደረግ ሁሉም እንደሚጠፋ የታወቀ ነው። ሪከቨሪ ከፈለግሽ 6,000 ብር» አለኝ። ራሳቸው ያጠፉትን ለመመለስ!

ቤት ገብቼ ሳየው «ኦሪጅናል ፈቃድ» የተባለውም ክራክ፣ ማለትም ያለ ፈቃድ በሕገወጥ መንገድ የተከፈተ ነው። የዊንዶውሱ የቫይረስ መከላከያ ተዘግቶ አገኘሁት። እውነተኛ ፈቃድ መከላከያ አያዘጋም፣ እንዲህ ተጭኖ የመጣ ካለ የባንክ መተግበሪያና ኢሜይል እንዳትከፍቱበት። ደግሞም ላፕቶፑ ሕጋዊ ዊንዶውስ 10 ካለውና መስፈርቱን ካሟላ ወደ 11 ማሳደጉ በነፃ ነው። የእኔው ግን መስፈርቱን እንኳ አያሟላም። ፕሮሰሰሩ 7ኛ ትውልድ ኢንቴል ነው፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከ8ኛው ጀምሮ ነው። መስፈርቱን ዘልለው ነው የጫኑት፣ እንዲህ በተጫነ ማሽን ላይ ደግሞ ወደፊት ማሻሻያ ለመምጣቱ ዋስትና የለም። ይህን ቀድመው ቢነግሩኝ ኖሮ ዊንዶውሱን ትቼ በኡቡንቱ ብቻ እቀጥል ነበር።

ያዳነኝ ላፕቶፑን ቶሎ ማጥፋቴ ነው። አዲስ ነገር በተጻፈበት ቁጥር የድሮው ይደመሰሳልና፣ ፋይል የጠፋበት ሰው ኮምፒውተሩን ያጥፋ፣ ምንም አይጫንበት፣ ምንም አያውርድበት። አንድ ወዳጄ ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ አስነስቶ የተገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠልኝ። ዲስኬ የድሮው ዓይነት ሃርድ ዲስክ መሆኑ በጀኝ፣ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ቢሆን የተሰረዘውን ቶሎ ስለሚያጸዳው ተስፋው የመነመነ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፣ መሐል ላይ መብራት ሄዶ እንደገና ጀመርን። ፎቶሬክ የፋይል ስም አይመልስም፣ በቁጥር የተሰየሙ ሺህ ፋይሎች እየከፈትኩ ሦስት ቀን ለየሁ። የ41 አባወራ መጠይቅ አልተገኘም። ማና ተመልሼ ቡና አፍልተው፣ ሥራ ፈትተው ያዋሩኝን ሰዎች «እንደገና ልጠይቃችሁ» ማለት አለብኝ። ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደኝ ይህ ነው።

የግድ ጥገና ቤት የምትሄዱ ከሆነ ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ። ያው ላፕቶፕ ላይ ዲ ድራይቭ ውስጥ ማስቀመጥ ግልባጭ አይባልም። የዲስኩን አከፋፈል በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ሠራተኛውን «የኡቡንቱው ክፍል የትኛው ነው?» ብላችሁ ጠይቁት፣ በጣቱ ማሳየት ካልቻለ አትስጡት። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መቆለፊያ) የበራበት ከሆነ ባለ 48 አኃዙን የመክፈቻ ቁጥር ሳትይዙ አትሂዱ። በተቃራኒው ዊንዶውሱን ሳይነኩ ኡቡንቱውን በሌላ ሊኑክስ የምትለውጡም ብትሆኑ፣ ሲጫን «ዲስኩን አጥፍተህ ጫን» የሚለው ምርጫ ዊንዶውሱንም ጠራርጎ ይወስዳል። ክፍሉን በእጅ የሚያስመርጠውን ውሰዱ። ከጎኑ ቁጭ በሉ፣ አንድ ሰዓት ቢፈጅም። ደረሰኙም ላይ «ኡቡንቱው ሳይነካ» ብለው ይጻፉላችሁ።

እኔ የተሰጠኝ ማኅተም የሌለው ብጣሽ ወረቀት ነው፣ 2,500 የሚል ቁጥርና ቀን ብቻ ያለበት። ሰኞ ጠዋት እሱንና ፎቶዎቹን ይዤ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ለአቤቱታ እሄዳለሁ። ሄርማታ አካባቢ ተመሳሳይ ነገር የደረሰበት ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አብረን እንሄዳለን።