«ሙሉ» ኢንሹራንስ ነበረኝ፣ ሞተሬን ግን አልሸፈነም

ለመኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ ከገባሁ 14 ወር ሆነኝ። አንዴም አሳድሼዋለሁ። በመሃል ስፖኪዮዬ ተሰብሮ ሳይጨቃጨቁ ከፍለውኛል፣ እሱን አልክድም። ይህን የምጽፈው ግን ባለፈው ወር በሞተሬ ላይ በደረሰው ነገር በጣም ስላዘንኩ ነው።

ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ነበር። መንገዱ ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቷል። ከፊቴ የነበረው የጭነት መኪና ሲሻገር አይቼ ተከተልኩት። መሃል ላይ ስደርስ መኪናዬ ሁለቴ ተንገጫገጨችና ጠፋች። ውሃው በሩ ሥር ደርሷል። ደነገጥኩና ቁልፉን መልሼ ጠመዘዝኩት። «ጧ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

በማግስቱ መካኒኩ ካንዴላዎቹን ሲፈታ ውስጡ ውሃ ነበር። ሞተሩን ከፍቶ አንዱን ቢየላ (ፒስተኑን ከታች የሚይዘውን ብረት) አወጣና ከጤነኛው ጎን ጠረጴዛ ላይ አስተኛው። ቀጥ ብሎ መቆም የነበረበት ወፍራም ብረት ወገቡ ላይ ጎብጧል። በጣቴ ዳሰስኩት። አየር ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም አለኝ። ፒስተኑ ወደ ላይ ሲወጣ የሚጠብቀው ውሃ ከሆነ የሚሸነፈው ብረቱ ነው።

የኢንሹራንሱ ገማች መጣ። ውሃው የደረሰበትን መስመር ፎቶ አነሳ። «ከጠፋ በኋላ ለማስነሳት ሞክረሃል?» አለኝ። አዎ አልኩት። ብዙ ሰው «ምን አናገረህ?» ብሎኛል። እኔ ግን አልጸጸትም። ኢንሹራንስ በቅን ልቦና የሚያዝ ውል ነው፣ ዋሽቼ ቢደረስብኝ ካሳውን በሙሉ ላጣው እችል ነበር።

ደብዳቤው በሁለት ሳምንት ደረሰኝ። ወንበሩ፣ ምንጣፉና የኤሌክትሪክ መስመሩ ይጸዳል፣ ይጠገናል፣ በውሉ ላይ ያለው ተቀናሽ (ከወጪው ራሴ የምከፍለው ድርሻ) ግን የእኔ ነው። ሞተሩ ግን አይከፈልም። ውሃ ውስጥ እንደገና ለማስነሳት በመሞከር የመጣ ሜካኒካል ብልሽት ነው፣ ጎርፉ በቀጥታ ያደረሰው ጉዳት አይደለም ይላል።

እዚህ ላይ ነው የምከራከረው። መካኒኬ እንደሚለው ቢየላው የታጠፈው ሞተሩ እየሠራ ውሃ ሲስብ፣ ማለትም በጠፋባት ቅጽበት ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ቁልፍ ስንጠመዝዝ ከሚያስነሳው ሞቶሪኖ በጣም የሚበልጥ ጉልበት አለው። ታዲያ ቁልፉን ከመጠምዘዜ በፊት ታጥፎ ከሆነስ? ገማቹ ይህን አልመረመረም። «ሞክሬያለሁ» የሚለውን ቃሌን ይዞ ሄደ።

ውሉን የሸጥክልኝ ሰውዬ፣ አንተንም አልረሳሁህም። «ጎርፍ ይሸፍናል?» ብዬ ጠይቄህ ነበር። «ሙሉ ነው፣ ምን ያሳስብሃል» አልከኝ። ሙሉ ማለት ለካ ከሦስተኛ ወገን የሰፋ ማለት ብቻ ነው። ሦስተኛ ወገን እኔ በሌላው ላይ ያደረስኩትን ይከፍላል፣ ሙሉው ደግሞ ግጭት፣ መገልበጥ፣ እሳትና ስርቆት እያለ የራሴን መኪና ይጨምራል። ከዚያ በኋላ የማይሸፈኑት ተዘርዝረዋል፦ እርጅና፣ የውስጥ ብልሽት፣ ብቻውን የፈነዳ ጎማ፣ ጠጥቶ መንዳት፣ በቤት መኪና የኪራይ ሥራ መሥራት። «ውሃ ውስጥ ከጠፋችብህ አታስነሳት፣ ገፍተህ አውጣና ደውልልን» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅብህ ነበር? ለሞተር ብቻ የሚጨመር ሽፋን የሚሸጥበት አገር አለ። እናንተ ጋ ካለ ልትነግረኝ ይገባ ነበር፣ አረቦኑን (የኢንሹራንስ ክፍያውን) እጨምር ነበር። ከሌለም «የለም» ማለት ነበረብህ።

ያን ማታ ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩት። በጣም ያስደነገጠኝ የግምቱ አንቀጽ ነው። 100 የምታወጣ መኪና በ60 ከተመዘገበች ለትንሽ ጉዳትም የሚከፈለው 60 በመቶው ብቻ ሊሆን ይችላል። አረቦን ለመቀነስ ብላችሁ ዋጋ ዝቅ ያደረጋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ እዩት። የእኔ እንኳን በገበያ ዋጋ ነው የተመዘገበው።

ልተወው ወይ? አልተውም። ያለ ሽፋን መንገድ መውጣት አልፈልግም። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ግን ለሁለተኛ ጊዜ አላሳድስም፣ ይህን ዛሬ ተናድጄም ቢሆን እላለሁ። የሚቀጥለው ሻጭ ስለ ሞተርና ስለ ውሃ የሚለኝን በጽሑፍ ካልሰጠኝ አልፈርምም።

ቅሬታዬን ትናንት አስገብቻለሁ፣ የመካኒኩን ጽሑፍና ፎቶዎቹን አያይዤ። የታጠፈው ቢየላ ጋራዡ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እንዳይጥሉት አደራ ብያለሁ፣ ገማቹ ተመልሶ መጥቶ በእጁ ይዞ እንዲያየው እፈልጋለሁ።