ደሴ ፒያሳ ላለው ልጅ ምስጋና፣ አሮጌ ሞኒተር ላላችሁም ጥቆማ

ኮምቦልቻ ያለው ቢሯችን ሁለት አሮጌ ሞኒተሮች አሉት፤ ባለ 17 ኢንቹ ቪጂኤ የሚባለው የድሮ የምስል መሰኪያ ብቻ፣ ባለ 19ኙ ዲቪአይ የሚባለውም አለው። አዲሱ ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ኤችዲኤምአይና አንድ ታይፕ ሲ መሰኪያ ብቻ። ሁለቱንም አገናኝቶ የሰጠን ደሴ ፒያሳ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚሰራ ልጅ ነው። እጁ ይባረክ!

ከእሱ በፊት የገባንባቸውን ሱቆች ስም አልጠራም። አንዱ ጋ ስፕሊተር ሸጡልን። ስፕሊተር ያንኑ ምስል ለሁለት ያባዛል እንጂ ስክሪን አያሰፋም፤ ግራ ላይ ኤክሴል፣ ቀኝ ላይ ደረሰኝ ልክፈት ለሚል ሰው አይረባም። ሌላው ጋ የተሰጠን ኮንቨርተር ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ሆኖ ተገኘ። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው፤ በመልክ ይመሳሰላሉ፣ ተገልብጠው ግን አይሰሩም። ልንመልስ ስንሄድ "የተሸጠ እቃ አይመለስም"። ሶስተኛው ጋ የባለ 17ቱ ስክሪን ቢጫ ቢሆን "ሞቷል፣ አዲስ ግዙ" አሉን!

ልጁ መጀመሪያ የጠየቀው የላፕቶፑን ሞዴል ነው። ታይፕ ሲ ሁሉ ምስል አያወጣም፤ ቻርጅና ዳታ ብቻ የሚያሳልፍ አለ። የኛ እንደሚያወጣ አረጋግጦ ባለ 19ኙን በተራ የዲቪአይና ኤችዲኤምአይ ኬብል ሰካው፤ ሁለቱም ዲጂታል ስለሆኑ መቀየሪያ ቺፕ አይፈልጉም። ባለ 17ቱን ግን ከታይፕ ሲ ወደ ቪጂኤ በሚቀይር አዳፕተር፤ ቪጂኤ አናሎግ ነውና ያለ ቺፕ አይሆንም። ከዚያ የዊንዶውስ ቁልፍና "ፒ" አንድ ላይ፣ "ኤክስቴንድ" (ስክሪን ማስፋት)፣ አለቀ።

ቢጫው ቀረ። የቪጂኤውን ገመድ ነቅሎ ጫፉን በስልኩ መብራት አየው። ከላይኛው ረድፍ መሃል ላይ ያለችው ፒን (ቀጭኗ የብረት ጥርስ) ተጣማለች። ሰማያዊውን የምታሳልፈው እሷ ናት፤ እሷ ካልነካች ቀይና አረንጓዴ ብቻ ይቀሩና ነጩ ሁሉ ቢጫ ይሆናል። በወረንጦ ቀስ አድርጎ አቃናት፣ መልሶ ሰካው፣ ነጩ ነጭ ሆነ። "አብሽሩ፣ ሞኒተሩ ደህና ነው" አለን። ለዚህች ሳንቲም አልተቀበለም! (9ኛዋ ፒን ከፋብሪካም ላትኖር ትችላለች፤ ተሰበረች ብላችሁ አትደንግጡ።)

ባለ 17 ኢንች ካሬ ሞኒተር ያላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የምስሉ ልክ 1280 በ1024፣ 60 ሄርዝ ነው። ከዚያ ካስበለጣችሁ "አውት ኦፍ ሬንጅ" (ከአቅሜ በላይ ነው) ብሎ ሊጠቁር ይችላል። ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ ሞኒተሩ ላይ ያለችውን "አውቶ" ተጫኑ። ኤም 1 ወይም ኤም 2 ማክቡክ ኤር ያላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ንገሩት፤ በተራ አዳፕተር የሚቀበሉት አንድ የውጭ ስክሪን ብቻ ነው።

እባካችሁ እሱ ሳያየው ሞኒተር አትጣሉ፣ አዲስም አትግዙ። ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ ለምትወጡ፦ ላፕቶፑንም ገመዱንም አትርሱ፣ ጥፋቱ ገመዱ ላይ ሊሆን ይችላል። ስልኩን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።