ክዳኑ ቢዘጋም የማይተኛ ላፕቶፕ፦ ከ8 ወር በኋላ

ነገሩን መጀመሪያ የነገረኝ መዳፌ ነው። ማታ ክዳኑን ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ የከተትኩት ላፕቶፕ ጠዋት ሳወጣው ሆዱ ትኩሳት እንዳለበት ሰው ይሞቃል። 84 በመቶ ላይ የተውኩት ባትሪ 31 ደርሷል። ሊኑክስ የተባለውን ሥርዓተ ክወና ከጫንኩበት ገና ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

በሌላው ነገር ብዙም አላማርርም። የቁልፍ ሰሌዳው ምቹ ነው፣ ስክሪኑ ዓይን አያደክምም፤ ድምፅ ማጉያውን ተዉት። ሻጩ «ሊኑክስ ያለችግር ይሠራበታል» ብሎኝ ነበር። ለካ ይነሳል ማለቱ ነው እንጂ ይተኛል አላለም።

ላፕቶፕ የሚተኛው በሁለት መንገድ ነው። በቀድሞው፣ ኤስ3 በሚባለው፣ ከራም (ከጊዜያዊው ማኅደረ ትውስታ) በቀር አብዛኛው ክፍል ኤሌክትሪክ ይቋረጥበታል። በአዲሱ፣ ኤስ2አይድል በሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል እንጂ አይጠፋም። ሕፃን ያለበት ቤት ማለት ነው፤ አንድ ክፍል አልተኛም ካለ ሌላውም እንቅልፍ አይወስደውም። ባትሪዬን ሲበላ ያደረው ይኸው ነው።

በሲስተሙ የፓወር ማኅደር ውስጥ ያለውን ሜም_ስሊፕ የተባለ ፋይል ከፍቼ አየሁ። ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፤ በሥራ ላይ ያለውን ቅንፍ ያቅፈዋል። ቅንፉ ኤስ2አይድልን ይዟል፣ ዲፕ ከጎኑ ቁጭ ብሏል። ዲፕ የሚባለው ኤስ3 ነው፤ በብዙ አዳዲስ ማሽኖች ላይ ስሙም የለም። ዕድለኛ ነኝ ብዬ የከርነሉ (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) መነሻ ትዕዛዝ ላይ «ሜም_ስሊፕ_ዲፎልት=ዲፕ» ጨመርኩ። በዚያ ሌሊት የሄደው ባትሪ 3 በመቶ ብቻ ነበር።

ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። ክዳኑን ስከፍት ማራገቢያው ዞረ፣ ስክሪኑ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ካፕስ ሎክን ስጫን መብራቷ ትበራለች፣ ደግሜ ስጫን ትጠፋለች። ያቺ ትንሽ መብራት ከርነሉ በሕይወት እንዳለ ነገረችኝ፤ ዓይኑን መግለጥ ያቃተው የግራፊክስ ክፍሉ ነው። ከሌላ ኮምፒውተር በኤስኤስኤች (ከርቀት በሚያስገባው መንገድ) ገብቼ የሲስተሙን መዝገብ ሳነብ ስህተቱ ከግራፊክስ ድራይቨሩ፣ ማለትም ግራፊክሱን ከሚያዘው ፕሮግራም፣ ሆኖ አገኘሁት። ለሁለት ሳምንት በየማለዳው አጥፍቼ ሳበራ ከረምኩ፤ የገላገለኝ አዲስ ከርነል ነው።

በሦስተኛው ወር ደግሞ በራሱ መንቃት ጀመረ። ጠረጴዛውን ስነካ ገመድ አልባው ማውስ ይነቃነቃል፣ ማሽኑም ይነሳል። ማሽኑን መቀስቀስ ከሚችሉት ዝርዝር ውስጥ የዩኤስቢ መቆጣጠሪያውን፣ ኤክስኤችሲን፣ አጠፋሁት። ይህ ቅንብር ዳግም ሲነሳ ስለሚጠፋ፣ በተነሳ ቁጥር ያንኑ የሚፈጽም ትንሽ የሲስተምዲ (በሊኑክስ ፕሮግራሞችን የሚያስጀምረው) አገልግሎት ጻፍኩ። ውጫዊው የቁልፍ ሰሌዳም ከዚያ ወዲህ አይቀሰቅሰውም፤ ይቅር፣ ክዳኑን መክፈት አይከብደኝም።

አሁን ክዳኑን በከፈትኩ በሁለት ሰከንድ ውስጥ የይለፍ ቃል ይጠይቀኛል። ካለፉት አምስት ወራት ውስጥ አልነሳም ያለው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ተኝቶ ሳለ የውጭ ስክሪኑን ነቅዬበት ነበር። ይህንኑ ላፕቶፕ ደግሜ እገዛዋለሁ፣ ግን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ሊኑክስ ከፍላሽ አስነስቼ ሜም_ስሊፕን አያለሁ። ቦርሳ ውስጥ ከመክተቴ በፊትም ዛሬም ድረስ ሆዱን በመዳፌ እዳስሳለሁ።