ጂኒየስ፦ የራፕን ወርቅ ለሚፈልግ ሁሉ

ራፕ ለዓመታት ስሰማ ግማሹ አይገባኝም ነበር። ጆሮዬን የከፈተልኝ ጂኒየስ ነው። ድረ ገጹ በ2009 እ.ኤ.አ. የራፕ ግጥም ለማብራራት የተጀመረ ሲሆን፣ ራፕ ጂኒየስ የሚለውን ስሙን ያሳጠረው በ2014 ነው። አጠቃቀሙ ቀላል ነው፤ ግጥሙን ትከፍታላችሁ፣ የደመቀውን ስንኝ ስትነኩት ማብራሪያው ይወጣል።

ለምሳሌ "ብሪክ" የምትለዋን ቃል ውሰዱ። ሰሙ ጡብ ነው። በቅርጫት ኳስ ግን የተሳተ ውርወራ ማለት ነው፣ በኒውዮርክ የሰፈር ቋንቋ ደግሞ አጥንት ድረስ የሚገባ ብርድ፣ በዕፅ ንግድ ዓለም ሲሆን አንድ ኪሎ ኮኬይን። ጎበዝ ራፐር እነዚህን ሁሉ በአንድ መስመር ሊያስገባቸው ይችላል፣ ይህን የማያውቅ ሰው ግን ስለ ግንባታ የሚወራ ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን ሳገኝ ዘፈኑን ከመጀመሪያው መልሼ እከፍተዋለሁ!

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ አብዛኛውን ማብራሪያ የሚጽፉት ተጠቃሚዎች ናቸው። አንዳንዱ ሰሙን ብቻ ይደግምላችኋል፣ አንዳንዱ ደግሞ የሌለ ወርቅ ይቆፍራል። እኔ ይበልጥ የማምነው አርቲስቱ ራሱ የጻፈውን ነው። ደግሞ ገጹን ከመክፈታችሁ በፊት ዘፈኑን ሁለቴ ስሙት፣ ወርቁን በራስ ማግኘት በጣም ደስ ይላል።