የክብሪቷን እስስት አይታችሁ ቀብድ እንዳትልኩ

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ልጅ ያላችሁ፣ ይቺን ታነቡልኛላችሁ። እኔ ተበልቻለሁ። 6,500 ብር። ብሩም ያንገበግባል፤ ይበልጥ የሚያበሽቀኝ ግን በገዛ እግሬ ሄጄ መሸወዴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ 11 ዓመቷ ነው። የቤት እንስሳ ካልተገዛልኝ ብላ ዓመት ሙሉ ነዘነዘችኝ። እኛ ደግሞ ተከራይ ነን። አከራያችን እንኳን ውሻ ድመትም አይወዱም። ጥቅምት ላይ ስልኬን ይዛ መጣች። ቴሌግራም ላይ የወጣ ማስታወቂያ ነው። ፎቶው ላይ አንዲት እስስት የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ቆማለች። አዎ፣ ክብሪት ላይ። ከሥሩ «ከውጭ የመጣች ድንክ እስስት። አታድግም፣ አትጮህም፣ አትሸትም። ከነሙሉ ዕቃዋ» ይላል። አትጮህም፣ አትሸትም የሚለውን ሳነብ አከራያችን ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ደወልኩ።

«አብሽሩ ጋሼ፣ ይቺ ዘሯ ነው ትንሽ» አለኝ ሻጩ። 2,000 ብር ቀብድ ላክሁለት። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ሀረጎን ወርደን ኮምቦልቻ መናኸሪያው አካባቢ ተገናኘን። እስስቷ የጫማ ካርቶን ውስጥ ናት። ጅራቷን ሳይጨምር የአውራ ጣቴን ያህል ትሆናለች። አረንጓዴ ናት። ረጅም ጅራቷ እንደ ሰዓት ሞላ ተጠቅልሏል።

«ፎቶው ላይ ያለችው ቡናማ አልነበረችም እንዴ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እስስት አይደለች? ትለዋወጣለች!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀሪውን 4,500 ቆጥሬ ሰጠሁት።

አሁን ያን ጊዜ ማወቅ የነበረብኝን ልንገራችሁ። ያ ፎቶ ከኮምቦልቻ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ዓለም ሁሉ ያየው ፎቶ ነው። ክብሪቱ ላይ ያለችው ብሩኬሲያ ማይክራ የምትባል እስስት ናት፣ ያውም ገና ያላደገች። የምትገኘው ማዳጋስካር አጠገብ ኖሲ ሃራ በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ሳይንቲስቶች ለዓለም ያስተዋወቋት በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። አድጋም ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ ጫፍ ከ3 ሴንቲ ሜትር አታልፍም። እንዲህ ያሉት ድንኮች ኑሯቸው መሬት ላይ በረገፈ ቅጠል መሃል ነው። ስለዚህ መልካቸው የደረቀ ቅጠል መልክ ነው፣ ቡናማ። ጅራታቸውም አጭር ነው። ታንዛኒያና ኬንያ ያሉት፣ ብዙ ጊዜ ለቤት የሚፈለጉት 8 እና 9 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑት ድንኮችም እንደዚሁ ቡናማና ጅራተ አጭር ናቸው።

እና «ድንክ» ተብላ የቀረበችላችሁ እስስት ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ሆና ጅራቷ ረጅምና የሚጠቀለል ከሆነ፣ በቃ፣ ከእነዚህ ድንኮች አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ የሌላ እስስት ልጅ ናት። ታድጋለች። ለምሳሌ የየመኗ እስስት ከእንቁላል ስትወጣ ጣት አታህልም፤ ወንዱ ሲያድግ ግን እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። «ትለዋወጣለች» የሚለውም ማምለጫ ነው። እስስት ቀለሟን የምትቀይረው እንደ ሙቀቱ፣ እንደ ብርሃኑና እንደ ስሜቷ ነው። ዘሯን ግን አትቀይርም።

ወደ ቤታችን ልመለስ። «ሙሉ ዕቃ» የተባለው የዓሣ ማርቢያ መስታወት፣ አንድ ቀይ አምፖል፣ የውሃ ሳህንና አንድ ብልቃጥ የደረቀ ትል ነው። አንዱም አይረባም። እስስት የሚንቀሳቀስ ነፍሳት ነው የምትበላው፦ ዝንብ፣ ፌንጣ። የደረቀውን ትል ዞራም አላየችው። ሳህኑንም እንዲሁ። ልጄ በየቀኑ ውሃውን ትቀይራለች፣ እስስቷ አትጠጣም። እኔም ሻጩን አምኜ «ብዙ ውሃ አትፈልግም ብሎናል» እላታለሁ። ለካ እስስት የረጋ ውሃ ውሃ መሆኑን አታውቅም! የምትጠጣው ቅጠል ላይ ያረፈ ጠብታ ነው።

በአራተኛው ቀን ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ገቡ። የእስስት ዓይን ታውቁታላችሁ፣ እንደ ትንሽ ጉልላት ወጣ ያለ ነው፣ አንዱ ወደ ፊት ሲያይ ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። የእሷ ጉልላት ጎድጉዶ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ዓይኗን ጨፍና ትውላለች። ቀን ላይ ዓይኗን የምትጨፍን እስስት ታማለች ማለት ነው። እኛ እንቅልፍ መስሎን ድምፅ ቀንሰን እናወራለን።

ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤታችን እትዬ መስታወቱን ጎንበስ ብለው አዩና «ይቺን ከየት አመጣችኋት?» አሉ። ገዝቼ ነው ስላቸው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ገዝቼ? እኛ ቃሉ ወረዳ አጥሩ ላይ ሞልታ? በስንት?» ዋጋውን አልነገርኳቸውም። እስካሁንም አልነገርኳቸውም።

እሳቸው ናቸው ባዮሎጂ ወደሚያስተምር የወንድማቸው ልጅ የላኩኝ። ገና ልጅ ስለሆነች ዘሯን በእርግጠኝነት መለየት ይከብዳል አለኝ፤ ከማዳጋስካር እንዳልመጣች ግን እያየ ነገረኝ። በዚያው አንድ ነገር አጫወተኝ፦ በአገራችን ደጋ የምትኖር፣ አድጋም ስንዝር የማትሞላ እስስት አለች። እንቁላል አትጥልም፣ ልጆቿን ትወልዳለች። ትንሽ እስስት ማየት ለሚፈልግ ሰው እንግዲህ በነፃ አለችለት።

ቀዩን አምፖል ሲያይማ ራሱን ነቀነቀ። ተራ አምፖል ነው። እስስት አጥንቷ እንዲጠነክር የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ያስፈልጋታል፤ ለዚህ የሚሆነው አምፖል ለብቻው የሚሠራ ነው። «መስኮት አጠገብ ያድርጓት፣ ፀሐይ ይበቃታል» ብሎኝም ነበር ሻጩ። የመስኮት መስታወት ደግሞ ያንኑ ጨረር ያስቀረዋል። ጨረሩን ያጣች እስስት አጥንቷ ይለሰልሳል፣ እግሯ ይጎብጣል። የመስታወቱ ሳጥንም አየር አያስገባም፣ በወንፊት የተሠራ ሳጥን ነበር የሚያስፈልጋት። በዚያ ላይ የራሷን መልክ መስታወቱ ላይ እያየች ሌላ እስስት መጣብኝ ብላ ትጨነቃለች። ብቻዋን መኖር ነው የምትወደው።

ያን ቀን ማታ ቅርንጫፍ ቆርጠን አስገባንና ውሃ ረጨንበት። ልጄ ትንፋሿን ይዛ ታያለች። እስስቷ ቆይታ ቆይታ ወደ አንድ ጠብታ ተጠጋች፣ ጉሮሮዋ መንቀሳቀስ ጀመረ። ጠጣች። በማግስቱ ዝንብ ይዘን ለቀቅንላት። ምላሷን ወረወረች፣ ግን ዝንቡ ጋ አልደረሰም። መሃል ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ቀስ ብላ መልሳ ሰበሰበችው። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ሦስተኛ አልሞከረችም። በ12ኛው ቀን ጠዋት ቅርንጫፏን እንደጨበጠች ሞታ አገኘናት። የጥቅምት የደሴ ሌሊት ብርድ መቼም ይታወቃል።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «አያያዝዎ ነው ጋሼ። በ3,000 ሌላ ልስጥዎት?» አለኝ። ብሬን መልስ ስለው ብሎክ አደረገኝ። ክሰስ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ችግሩ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ መያዝም መነገድም ያስጠይቃል። ይህን ያወቅሁት ከገዛሁ በኋላ ነው።

«የእኔ ግን እውነት ከውጭ የመጣች ናት» የሚል ከገጠማችሁ ወረቀት ጠይቁት። እስስት ከሞላ ጎደል ሁሉም ዓይነት ሳይተስ በሚባለው፣ አደጋ ላይ ያሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው፤ የእነ ታንዛኒያ ድንኮችም በ2016 እ.ኤ.አ. ተጨምረዋል። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ከወጣችበት አገር የመውጫ ፈቃድ፣ ከእኛም የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖራት ይገባል። «ወረቀቱን በኋላ እልክልሃለሁ» ካለ ስልኩን ዝጉት። ከዚህ ሁሉ ጋር ፊታችሁ ዝንብ ስትበላ አሳየኝ በሉት። የእኔው ሻጭ ይህን ብለው ኖሮ ካርቶኑን ዘግቶ ይሄድ ነበር።

ትናንት ማስታወቂያው በሌላ ስም እንደገና ወጥቷል። ያው ፎቶ፣ ያው ክብሪት። ዋጋው 7,000 ገብቷል።