ጅማ ላይ ዲፈረንሻል ያስቀየርኩበት ጋራዥ

መኪናዬ አሮጌ የናፍጣ ሰርፍ ናት፤ ካምቢዮዋ ኦቶማቲክ። በወር ሁለቴ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ። ለአንድ መሄጃ፣ ለ350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 46 ሊትር ትጠጣ ነበር። ይህን ለመቀነስ ነው ዲፈረንሻሏን፣ ማለትም የዘንጉን ዙር ቀንሶ ለጎማ የሚያስተላልፈውን የጥርስ ሳጥን፣ ለማስቀየር የተነሳሁት።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «የኋላውን ዲፈረንሻል ብቻ እንቀይርልህ፣ የፊቱን ማን ያየዋል» አለኝ። ፎር ዊል ሳስገባ ፊትና ኋላው ሊጓተት ነዋ! ጥዬ ወጣሁ።

ሁለተኛው ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ሽማግሌው መካኒክ ዲፈረንሻሉን ፈትቶ ጥቁሩን ዘይት በጨርቅ ጠረገ። አንዱን የኮሮና (የትልቁን ጥርሳም ጎማ) ጥርስ በጠመኔ ምልክት አደረገና «ቁጠር ልጄ» አለኝ። ኮሮናው 41 ጥርስ፣ እሱን የሚያዞረው ትንሹ ፒኞን 9። ጎማው አንዴ ሲዞር ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ አራት ጊዜ ተኩል ይዞራል ማለት ነው። ዳገት ላይ ጉልበት ነው፤ ሜዳ ላይ ግን ሞተሩ በከንቱ ይጮሃል። ከሶማሌ ተራ የፊቱንም የኋላውንም 41 በ10 አስመጣሁ። በዚያው ፍጥነት የሞተሩ ዙር 10 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት የሚያገናኘውን ቶርክ ኮንቨርተርም ልቀይር አስቤ ነበር። «ምን ሆነና?» አለና ከሥር ገብቶ የተቆረጠ ሽቦ አሳየኝ። ኮንቨርተሩን የሚያስቆልፈው ሽቦ! ካልቆለፈ ዘይት ውስጥ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፤ ናፍጣው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ሽቦውን ቀጣጥሎ በቴፕ ጠቀለለው። አሁን ሰርቦን አልፌ ሜዳው ላይ ስለቃት የዙር መርፌዋ ወረድ ትላለች፤ ሌላ ማርሽ የገባ ይመስላል።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ግን በገንኩ። 41 ሊትር ጠጣች፤ ቆጣሪው 315 ኪሎ ሜትር ይላል። ሳካፍለው ለመቶ ኪሎ ሜትር ያው 13 ሊትር! ኋላ ነው የገባኝ። ቆጣሪው የሚያነበው ከዲፈረንሻሉ በፊት ካለው ዘንግ ስለሆነ አሁን አጉድሎ ይቆጥራል። መንገዱ መች አጠረ? 80 ሲል በእውነት 89 ነው፤ ራዳር ላለበት ቦታ ልብ በሉ። ሽማግሌው ይህን ሳይነግረኝ መቅረቱ አስቀይሞኛል። ሁለት ቀን ብሎ አራት ቀን ማቆየቱም እንዲሁ።

ጊቤን ስትወጣ ደከም ብላለች። ኮንቨርተሩ ይለቃል፣ ማርሽ ትቀንሳለች፣ ካምቢዮው ይሞቃል። ጭነት ይዞ ዴዶ የሚወጣ ሰው ዲፈረንሻሉን ባይነካ ይሻለዋል። ሽቦውን ግን ያስፈትሽ፤ እኔን ለሱ ያስከፈለኝ አንድ ሲኒ ቡና ነው።