ስለ «ሬቮሉሽን» ቃል የሚያስተምረው የድምፅ ኮርስ እንዴት ነው?

የቃላትን ታሪክ የሚያስተምር የድምፅ ኮርስ ገዝቼ እየሰማሁ ነው፤ ስለ ሬቮሉሽን (በአማርኛ አብዮት ስለምንለው) የሚያወራው ክፍል ከሁሉም ይበልጣል። ከላቲን ይጀምራል። «ሬቮልቬሬ» ማለት ወደ ኋላ ማንከባለል፣ መልሶ ማዞር ነው። ከዚያ ወደ ሰማይ ይወስዳችኋል፦ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኮፐርኒከስ እ.ኤ.አ. በ1543 በታተመው መጽሐፉ ርዕስ ላይ ቃሉን የተጠቀመው ለሰማይ አካላት ዑደት ነው እንጂ መንግሥት ለመገልበጥ አይደለም።

በጣም የወደድኩት ንጉሥ ጄምስ ዳግማዊ ከዙፋን የወረደበትንና «ሬቮሉሽን» የተባለውን የእንግሊዝን የ1688 ለውጥ ያስረዳበትን መንገድ ነው። ያኔ ብዙ ደጋፊዎቹ ነገሩን ያዩት አዲስ ዓለም እንደመፍጠር ሳይሆን የተነጠቀ መብትን ወደ ቦታው እንደመመለስ ነበር፤ ይህን ሳትሰሙ በ1789 ከፈነዳው የፈረንሳይ አብዮት በኋላ የቃሉ ትርጉም ምን ያህል እንደተለወጠ በደንብ አይገባችሁም። እዚህ ጋ አስተማሪው አይቸኩልም፣ ደስ ይላል።

የኢንዱስትሪ አብዮትን ግን ሮጥ ብሎ ነው ያለፈው፣ ቅር ብሎኛል። የሞተር ዙር በደቂቃ ሲቆጠር የድሮው ትርጉም አሁንም እንዳለ ማንሳቱ ጥሩ ነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ የጽሑፍ ቅጂ ስለሌለው ግን የላቲን ቃላቱን ለመያዝ እያቆሙ መስማት ግድ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ሳላመነታ እመክራለሁ።